ጥቁሯ ካሬ የማን ቤት ነበረች? የካንሳስ ገጠር የድሮ ካርታዎች አነባበብ

በአሜሪካ የገጠር ካርታዎች ላይ ትንሽዬ ጥቁር ካሬ አለች። ከጤፍ ፍሬ ብዙም አትበልጥም። ብቻዋን ከሆነች የሰው ቤት ናት። አናቷ ላይ ባንዲራ ካለባት ትምህርት ቤት ናት። መስቀል ካለባት ደግሞ ቤተ ክርስቲያን።

የአንድ አካባቢን ሁለት ካርታዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። አንዱ የዛሬ መቶ ዓመት ገደማ፣ ሌላው የዛሬ አርባ ዓመት የተሠራ ይሁን። ኮረብታው ያው ነው። ወንዙም ከሞላ ጎደል ያው ነው። ካሬዎቹ ግን ሳስተዋል። ባንዲራዋም የለችም። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ተነሥቶ ሄዷል፤ ይህን የሚነግራችሁ ግን አንድም ጽሑፍ ካርታው ላይ አታገኙም። ማንበቡን ማወቅ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያሉ ካርታዎች ዛሬ ማንም ሰው ስልኩ ላይ በነፃ ሊከፍታቸው ይችላል። ቤተሰቡን የሚፈልግ፣ መሬት ሊገዛ ያሰበ፣ የተረሳ የነዳጅ ጉድጓድ የሚያስስ ሁሉ ይከፍታቸዋል። ብዙው ሰው ግን ካርታው የማይለውን ነገር ያናግረዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ ይዘን ነገሩን ከሥሩ እንየው። ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ለምን ቼዝ ካውንቲ?

ቼዝ ካውንቲ ካንሳስ ውስጥ ነው። ካውንቲ ማለት ከስቴት በታች ያለ አስተዳደር ነው፤ የራሱ ፍርድ ቤትና ሸሪፍ አለው። የቼዝ ስፋት 2 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1900 ከ8 ሺህ የሚበልጥ ሰው ይኖርበት ነበር። በ2020 ቆጠራ የተገኘው 2,572 ሰው ብቻ ነው። በከባድ መኪና ሥራ ከኤምፖሪያ ወደ ዊችታ በአይ-35 አውራ ጎዳና የምትመላለሱ ወገኖች በመሃሉ አልፋችኋል። ግራና ቀኙ ሣር ነው፤ ከሣሩ ቀጥሎም ሣር።

ያ ሣር ቀላል ነገር አይደለም። የሰሜን አሜሪካ ረጅም ሣር ሜዳ፣ ፕሬሪ የሚሉት፣ በአንድ ወቅት 170 ሚሊዮን ኤከር ይሸፍን ነበር። ዛሬ የቀረው ከ4 በመቶ በታች ነው። ከቀረውም አብዛኛው ፍሊንት ሂልስ በሚባሉት ኮረብቶች ላይ ነው፤ ቼዝ ካውንቲም እዚያው ነው። እንዴት ተረፈ? ከሣሩ በታች ያለው አፈር ስስ ነው። ከአፈሩ ሥር ደግሞ የኖራ ድንጋይ አለ፤ በውስጡም ባልጩት ተሰግስጎበታል። ማረሻ አልገባ አለው። ሸለቆዎቹ ታረሱ፣ ኮረብቶቹ ለከብት ተተዉ።

ምሳሌ ያደረግኩትም ለዚህ ነው። መሬቱ ብዙም ስላልተነካ፣ በካርታዎቹ መካከል የምታዩት ለውጥ በአብዛኛው የሰው ለውጥ ነው።

ቶፖግራፊክ ካርታ ከሌላው ካርታ በምን ይለያል?

ተራ ካርታ መንገዱን ይነግራችኋል። ቶፖግራፊክ ካርታ ዳገቱንም ይነግራችኋል። ይህን የሚያደርገው ኮንቱር በሚባሉ ቡናማ መስመሮች ነው።

የኮንሶን እርከን አስቡት። አንዱን እርከን ይዛችሁ ኮረብታውን ብትዞሩ አትወጡም፣ አትወርዱም። እግራችሁ ሁሌም አንድ ከፍታ ላይ ነው። ኮንቱር ማለት እንደዚያ ያለ፣ መሬት ላይ የሌለ፣ ወረቀት ላይ ብቻ የተሠመረ እርከን ነው። እርከኖቹ ከተጠጋጉ ገደል ነው። ከተራራቁ ሜዳ ነው። በሁለት መስመሮች መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከካርታው ግርጌ ተጽፏል፤ የሚለካውም በጫማ ነው። 10 ጫማ ካለ ሦስት ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። ይህን ሳያዩ ዳገቱን መገመት ስህተት ነው፤ የ50 ጫማ መስመር እና የ10 ጫማ መስመር ወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው።

ፕሬሪ ሲባል እንደ ምጣድ የተዘረጋ ሜዳ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የቼዝ ካርታ ይህን ሐሳብ ወዲያው ያፈርሰዋል። ቡናማዎቹ መስመሮች እየተጣጠፉ፣ እየተሸበሸቡ ይሄዳሉ። ሸለቆ ሲያገኙ እንደ ቀስት ጫፍ ይሾላሉ፤ ጫፉ የሚያመለክተው ወደ ምንጩ፣ ወደ ላይ ነው።

የቀሩት ቀለሞች ቀላል ናቸው። ሰማያዊ ውሃ ነው፤ ተቆራርጦ የተሠመረ ሰማያዊ በበጋ የሚደርቅ ወንዝ ነው። ጥቁር ሰው የሠራው ነገር ነው፦ ቤት፣ የባቡር ሐዲድ፣ ስም። አረንጓዴ ዛፍ ነው። ቀይ ዋና መንገዶችንና የመሬት መደልደያ መስመሮችን ያሳያል። ግን አረንጓዴው የመጣው ኋላ ነው። የጥንቶቹ ካርታዎች በቡናማ፣ በሰማያዊና በጥቁር ብቻ የታተሙ ናቸው። በ1890ዎቹ ካርታ ላይ አረንጓዴ አጥታችሁ «ለካ ዛፍ አልነበረም» እንዳትሉ።

ማን ሠራው? እንዴትስ ሠራው?

የሠራው የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ ነው። መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው መጋቢት 3 ቀን 1879 ነው። አገሪቱን በሙሉ በአንድ ዓይነት ካርታ እንሸፍን የሚለውን ሐሳብ በ1884 ለኮንግረስ አቅርቦ ያሳመነው ሁለተኛው ዳይሬክተር ጆን ዌስሊ ፓውል ነው። ፓውል በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ሺሎ በተባለው ውጊያ ቀኝ እጁን ያጣ ሰው ነበር። ሥራው በ24 ዓመት ያልቃል ብሎ ገምቶ ነበር። ብዙ ዝርዝር በሚያሳየው ስኬል (1፡24,000 የሚባለው፣ ኋላ እናየዋለን) አላስካን ሳይጨምር የተጠናቀቀው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀያሾች ዋና መሣሪያ ባለ ሦስት እግር ሰሌዳ ነበር። ሰሌዳው ላይ ወረቀት ይወጠራል። ወረቀቱ ላይ መነጽር የተገጠመለት ማስመሪያ ይቀመጣል። ቀያሹ ኮረብታ ላይ ቆሞ፣ ለምሳሌ የአንድ ሕንጻን ጉልላት በመነጽሩ ያነጣጥርና በማስመሪያው ጠርዝ መስመር ያሠምራል። ሕንጻው በዚያ መስመር ላይ የሆነ ቦታ እንዳለ አወቀ፤ የቱ ጋ እንደሆነ ግን ገና አላወቀም። ሰሌዳውን ተሸክሞ ሌላ ኮረብታ ላይ ይወጣል። እንደገና ያንኑ ጉልላት ያነጣጥራል፣ ሌላ መስመር ያሠምራል። ሁለቱ መስመሮች የተቆራረጡበት ቦታ ሕንጻው ያለበት ነው። ሄዶ መንካት አላስፈለገውም።

የቼዝ ካውንቲ ዋና ከተማ ኮተንውድ ፎልስ በ1873 የተሠራ የኖራ ድንጋይ ፍርድ ቤት አላት። ዛሬም ችሎት ይዋልበታል። ቀይ ጣራውና የሰዓት ማማው ከሩቅ ይታያል። ዛፍ በሌለበት አገር እንዲህ ያለ ሕንጻ ለቀያሽ ትልቅ ሲሳይ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የተለኩት ነጥቦች ጥቂት ናቸው። በነጥቦቹ መካከል ያሉትን ኮንቱሮች ቀያሹ እዚያው ቆሞ፣ መሬቱን እያየ፣ በእጁ ነው የሚስላቸው። ጎበዝ እጅ ያለው አለ። የቸኮለም አለ። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ በካንሳስ ሥራው በጥድፊያ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የዚያን ዘመን ኮንቱር የመሬቱ አጠቃላይ መልክ አድርጋችሁ ውሰዱት እንጂ፣ እያንዳንዷን ጉብታ ተለክታለች ብላችሁ አትመኑ።

ከ1930ዎቹ በኋላ አውሮፕላን መጣ። ከአየር ላይ አንዱ የሌላውን ግማሽ በሚሸፍን ሁኔታ ተከታታይ ፎቶ ይነሣል። ሁለቱን ፎቶዎች አንዱን በግራ ዓይን፣ ሌላውን በቀኝ ዓይን ብቻ እንዲታዩ የሚያደርግ መሣሪያ አለ። ያኔ አእምሮ ሁለቱን ያዋህድና ኮረብታው ከወረቀቱ ብድግ ብሎ ይታያል። ሠራተኛው በዚያ ብድግ ባለ መሬት ላይ እየሄደ ኮንቱሩን ይከተላል። እንዲያም ሆኖ ሰው ወደ ገጠር መውረዱ አልቀረም። የጅረቱን ስም ፎቶ አይናገርም። ያንን የሚያውቀው አጥሩ ጋ የቆመው ገበሬ ነው።

መንገዱ ሁሉ ለምን አራት ማዕዘን ሆነ?

የፕሬሪ ካርታ ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። መልሱ በ1785 የወጣ አንድ ሕግ ነው። ሕጉ የሕዝብ መሬት ሰው ሳይሰፍርበት በፊት ተቀይሶ እንዲደለደል አዘዘ። መሬቱ በየአቅጣጫው 6 ማይል በሆኑ ካሬዎች ተከፈለ፤ ታውንሺፕ ይባላሉ። እያንዳንዱ ታውንሺፕ ደግሞ በ36 ሴክሽን ተከፈለ። አንዱ ሴክሽን አንድ ማይል በአንድ ማይል፣ 640 ኤከር ነው። በእኛ የድሮ ልክ ስድስት ጋሻ ተኩል ገደማ ይሆናል።

በ1862 የወጣው የሆምስቴድ ሕግ፣ መሬቱ ላይ ሰፍሮ አምስት ዓመት ላለማ ሰው 160 ኤከር ሰጠ። ይህ የሴክሽኑ ሩብ ነው፤ ከአንድ ጋሻ ተኩል ትንሽ ይበልጣል። እንግዲህ አንድ ሴክሽን ላይ አራት ቤተሰብ ሊሰፍር ይችላል ማለት ነው። በካርታው ላይ ካሬዎቹ አራት አራት ሆነው የሚታዩባቸው ቦታዎች ካጋጠሟችሁ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ካርታው ላይ ከ1 እስከ 36 ያሉት ቁጥሮች የሴክሽን ቁጥሮች ናቸው። አቆጣጠራቸው ለእኛ ሰው እንግዳ አይደለም። ከሰሜን ምሥራቅ ጥግ ይጀምርና ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ጠርዝ ሲደርስ ይታጠፍና ወደ ምሥራቅ ይመለሳል። በሬ ጠምዶ እንደሚያርስ ሰው ነው። በካንሳስ 16ኛውና 36ኛው ሴክሽን ለትምህርት ቤት ማስተዳደሪያ የተተዉ ነበሩ። ይህ ማለት ግን ትምህርት ቤቱ እዚያው ተሠርቷል ማለት አይደለም። መሬቱ ተሽጦ ወይም ተከራይቶ ገንዘቡ ለትምህርት ይውላል ነው ነገሩ።

መንገዶቹ የሴክሽኑን ጠርዝ ይዘው ነው የሚሄዱት። በየማይሉ አንድ መንገድ። ቼዝ ላይ ግን ይህ ሥርዓት ይቋረጣል። ቀጥ ብሎ የመጣ መንገድ ኮረብታ ሲያገኝ ይታጠፋል፣ ወይም እዚያው ይቆማል። ዋሽንግተን ላይ የተሠመረው መስመር እና መሬቱ የተጋጩበትን ቦታ ለማየት መንገዱ የጎበጠበትን ፈልጉ።

ስኬሉ ምን ይነግረኛል?

ስኬል ማለት ወረቀቱ ላይ ያለው ርቀት መሬት ላይ ስንት እንደሚሆን የሚናገር ቁጥር ነው። የቼዝን አካባቢ የሚሸፍኑ የድሮ ካርታዎች በተለያየ ስኬል የተሠሩ ናቸው። የጥንቶቹ 1፡125,000 ናቸው። እዚህ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር 1.25 ኪሎ ሜትር ነው። የቅርቦቹ 1፡24,000 ናቸው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 240 ሜትር ብቻ ነው።

ልዩነቱ አዲስ አበባን ከአውሮፕላን መስኮት በማየትና ከእንጦጦ ላይ ሆኖ በማየት መካከል እንዳለው ነው። ከአውሮፕላኑ ከተማው በሙሉ ይታያል፣ የራሳችሁን ጣራ ግን አትለዩም። «ኮተንውድ ፎልስ» የሚባለው የጥንቱ ሉህ በዝርዝሩ ስኬል ከተሠሩት አሥራ ስድስት ሉሆችን ያህል መሬት ይይዛል። ያ ሁሉ ነገር በአንድ ወረቀት ላይ ሲጨመቅ አንዳንዱ ነገር መውደቁ የግድ ነው።

ስለዚህ የ1፡125,000 ካርታ ላይ ያልታየች ጅረት በ1፡24,000 ላይ ብቅ ብትል አዲስ ፈልቃ አይደለም። በፊትም ነበረች፤ ቦታ ነው ያጣችው። የተለያየ ስኬል ያላቸውን ካርታዎች አነጻጽሮ «ተለወጠ» ማለት በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ለውጥ የምትፈልጉ ከሆነ በተቻለ መጠን እኩል ስኬል ያላቸውን አመሳክሩ።

ካርታው ላይ ያለው ዓመት የምን ዓመት ነው?

ዋናው ወጥመድ ይሄ ነው። ብዙ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ነው።

መታወቂያችሁን አሳደሳችሁ እንበል። ካርዱ አዲስ ነው፣ ቀኑም የዛሬ ነው። ፎቶው ግን የዛሬ አሥር ዓመት የተነሣችሁት ነው። ያንን መታወቂያ ያየ ሰው «ዘንድሮም ፀጉሩ እንዲህ ነው» ቢል ተሳስቷል። ካርታም እንደዚያ ነው። አንድ ሉህ ላይ ሦስትና አራት ዓመት ሊኖር ይችላል። የተቀየሰበት ዓመት አለ። ፎቶው ከአየር የተነሣበት ዓመት አለ። ቀያሾች መሬት ላይ ወርደው ያመሳከሩበት ዓመት አለ። የታተመበት አለ። እንደገና የታተመበት አለ። ከተቀየሱ አሥርተ ዓመታት በኋላ ምንም ሳይለወጡ በድጋሚ የታተሙ ካርታዎች ብዙ ናቸው። ጥግ ላይ በትልቁ የሚታየው ቁጥር ደግሞ ሁልጊዜ የቅየሳው ዓመት አይደለም።

ምን ይደረግ? ከግርጌ በስተግራ ያሉትን ደቃቅ ጽሑፎች አንብቡ። «ከዚህ ዓመት የአየር ፎቶ የተሠራ»፣ «በዚህ ዓመት መሬት ላይ የተመሳከረ» የሚሉ መስመሮች በብዛት የሚገኙት እዚያ ነው። ካርታው ምስክርነት የሚሰጠው ለዚያ ዓመት ነው። በጥንቶቹ ላይ «በዚህ ዓመት ተቀየሰ» የሚለውን ፈልጉ።

ሌላም መፈተኛ አለ። የምታውቁትን አንድ ነገር ፈልጉ። በቼዝ ጥሩ መፈተኛ የካንሳስ ተርንፓይክ ነው፤ ቀደም ብዬ አይ-35 ያልኩት መንገድ በዚህ በኩል የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። የተከፈተው በጥቅምት 1956 ነው። ባዛር በምትባለው መንደር በኩል ኮረብቶቹን እየሰነጠቀ ያልፋል። ማንም ቀያሽ ሊያጣው የማይችል ነገር ነው። ካርታው በዚያ ሰፈር በኩል መንገዱን ካላሳየ፣ የታተመበት ዓመት ምንም ይሁን፣ መረጃው ከዚያ በፊት የተሰበሰበ ነው።

ሐምራዊው ቀለምስ?

በአንዳንድ ካርታዎች ላይ ሐምራዊ ቀለምም ታያላችሁ። ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ካርታውን እንደ አዲስ ከመሥራት ይልቅ አዲስ የአየር ፎቶ እያዩ ለውጡን ብቻ በሐምራዊ መጨመር ተጀመረ። ጥቁሩ የድሮው ነው፣ ሐምራዊው የተጨመረው። አንድ ወረቀት ላይ ሁለት ዘመን ማለት ነው። በፍሊንት ሂልስ ሐምራዊ ሆነው የምታገኟቸው ብዙዎቹ ነገሮች ኩሬዎች ናቸው። ከብት አርቢዎች ሸለቆውን በአፈር እየገደቡ የዝናብ ውሃ ያጠራቅማሉ። ሐምራዊውን ግን በጥንቃቄ ያዙት። ብዙውን ጊዜ መሬት ላይ ሰው ወርዶ አላመሳከረውም። ከፎቶው ላይ ነው በቀጥታ የተገለበጠው።

ካርታው ላይ ከሌለ፣ መሬቱ ላይም አልነበረም ማለት ነው?

አይደለም። ይህን አጥብቄ ነው የምለው፣ ምክንያቱም በዚህ ስህተት ሰዎች ከታሪክ ይሰረዛሉ።

ካንሳስ ስሟን ያገኘችው ካው ወይም ካንሳ ከሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች ነው። በ1846 በተፈረመ ውል መሬታቸው ጠብቦ ከቼዝ በስተሰሜን ባለችው ካውንስል ግሮቭ አካባቢ ሰፈሩ። በ1873 ደግሞ ከዚያም ተነሥተው ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው ግዛት እንዲሄዱ ተደረገ። የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ቀያሾች ካንሳስ ሲደርሱ እነሱ ከሄዱ አሥር ዓመት አልፎ ነበር። ካርታው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። የአደን መንገዳቸው፣ የሰፈሩባቸው ቦታዎች፣ ለጅረቶቹ ያወጡት ስም አብዛኛው የለም። ካርታው ውሸት አልተናገረም፤ ዘግይቶ ነው የመጣው።

የተቃራኒውም ስህተት አለ። ካርታው ላይ ያለ ሁሉ ሕያው አይደለም። በኮተንውድ ወንዝ ዳር ሳፎርድቪል የምትባል ትንሽ ከተማ ነበረች። ወንዙ ደጋግሞ አጥለቅልቋታል። በሐምሌ 1951 ካንሳስን የመታው ታላቁ ጎርፍ ሲደርስ ሰው በቃኝ አለ። አብዛኛው ነዋሪ ለቀቀ። ስም ግን ካርታ ላይ ቶሎ አይሞትም። ካርታ ላይ የከተማ ስም አይታችሁ ሱቅና ትምህርት ቤት ያለበት ቦታ አድርጋችሁ አትሳሉት። በስሙ ዙሪያ ስንት ካሬ እንዳለ ቁጠሩ።

ካሬዎቹም ራሳቸው ይለያያሉ። በቅርቦቹ ካርታዎች ላይ ውስጧ የጠቆረች ካሬ ሰው የሚኖርባት ወይም የሚሠራባት ናት። ውስጧ ክፍት የሆነች ደግሞ ጎተራ፣ በረት ወይም መጋዘን ናት። ይህን ሳያውቁ ሁሉንም ቆጥሮ ሕዝቡን በእጥፍ ማሳደግ ይቻላል። ደግሞም ካርታው ሰው ያለበትን ቤት እና ባዶውን ቤት አይለይም። ጣራው ካልወደቀ ካሬዋ ትቆያለች።

ከስትሮንግ ሲቲ በስተሰሜን፣ ፎክስ ክሪክ ከሚባለው ጅረት በላይ፣ በ1882 ከኖራ ድንጋይ የተሠራች ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት አለች። ትምህርት የቆመው በ1930 ነው። ሕንጻዋ ግን እስከ ዛሬ ኮረብታው ላይ ብቻዋን ቆማለች። በ1996 የተቋቋመው የረጅም ሣር ፕሬሪ ብሔራዊ ጥብቅ ቦታ አካል ሆናለች፤ ጎብኚ ገብቶ ያያታል። እንግዲህ ካሬዋ ብቻ ብትታያችሁ ተማሪ መኖር አለመኖሩን ከምን ታውቃላችሁ? ከካርታው ብቻ አታውቁም። የትምህርት ቤቱን መዝገብ፣ የሕዝብ ቆጠራውን፣ የፍርድ ቤቱን የመሬት ሰነድ አብሮ ማየት ያስፈልጋል።

ዛሬ ማን ይፈልገዋል?

አንድ ቅርብ ምሳሌ ልስጥ። አሜሪካ ውስጥ ባለቤታቸው የማይታወቅ፣ በየትኛውም መዝገብ ላይ የሌሉ የነዳጅና የጋዝ ጉድጓዶች አሉ። ካልተደፈኑ ሚቴን ይተነፍሳሉ፣ የከርሰ ምድር ውሃም ሊበክሉ ይችላሉ። የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች በ2024 መጨረሻ ባወጡት ጥናት የፈለጓቸው በእነዚሁ የድሮ ካርታዎች ላይ ነው። ከ1947 እስከ 1992 የተሠሩት ካርታዎች ጉድጓድን በትንሽ ክፍት ጥቁር ክብ ያሳያሉ። ተመራማሪዎቹ ያንን ክብ ለይቶ እንዲያውቅ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን አሠለጠኑ። በአራት ካውንቲዎች ብቻ፣ ሁለቱ ካሊፎርኒያ ሁለቱ ኦክላሆማ ውስጥ፣ በመዝገብ የሌሉ ሊሆኑ የሚችሉ 1,301 ጉድጓዶች ተገኙ። ከአራቱ አንዱ ኦሴጅ ካውንቲ ነው። የፍሊንት ሂልስ ሣር ወደ ደቡብ ተሻግሮ የሚቀጥለው እዚያ ነው።

የዛሬ ሰባ ዓመት አንድ ሠራተኛ ያስቀመጣት ክብ ዛሬ ጉድጓድ ታስደፍናለች።

ከዚህ ሌላ ለንግድ የሚሆን መሬት ሲገዛ የአካባቢ ብክለት ምርመራ ይደረጋል። መርማሪዎቹ ከሚያዩዋቸው ሰነዶች አንዱ ይህ ካርታ ነው፤ ቦታው ላይ በፊት ነዳጅ ማጠራቀሚያ ወይም የቆሻሻ መጣያ እንዳልነበረ ለማጣራት። የቤተሰባቸውን መቃብር የሚፈልጉ ሰዎችም አሉ። ቤተ ክርስቲያኗ ፈርሳ መቃብሩ ሣር ውስጥ ሲቀር፣ አቅጣጫ የሚሰጠው የድሮው ካርታ ነው።

ከስልኬ ጂፒኤስ ጋር ለምን አይገጥምም?

ምክንያቱም ሁለቱ መቁጠር የሚጀምሩት ከተለያየ ቦታ ነው። መሬትን ለመለካት አንድ መነሻ ያስፈልጋል። ዴተም ይሉታል። በ1927 የተደነገገው የአሜሪካ ዴተም መነሻው እዚያው ካንሳስ ውስጥ፣ ሚድስ ራንች በሚባል የከብት እርባታ ላይ የተተከለ ነጥብ ነበር። ጂፒኤስ ደግሞ የሚነሣው ከመሬት እምብርት ነው። በዚህ የተነሣ በድሮው ካርታ ላይ ያነበባችሁትን ቁጥር ስልካችሁ ላይ እንዳለ ብታስገቡት ቦታው በአሥር በሚቆጠሩ ሜትሮች ይስታል። ለመንገድ ችግር የለውም። ጉድጓድ ወይም መቃብር ለሚፈልግ ግን ብዙ ነው። ሶፍትዌሮች ያስተካክሉታል፣ የካርታውን ዴተም ንገሯቸው እንጂ።

ይህ ጣጣ እኛም ጋ አለ። የኢትዮጵያ ካርታዎች መነሻ አዲንዳን የሚባለው ዴተም ነው፤ ስሙን ያገኘው በግብፅና በሱዳን ድንበር አካባቢ ከነበረ ቦታ ነው። በ1960ዎቹ የአሜሪካ ጦር ቀያሾች ከኢትዮጵያ ጋር በጋራ አገራችንን ካርታ ላይ ያሰፈሩት በእሱ ነው። ትምህርት ቤት በጂኦግራፊ ክፍል 1፡50,000 ካርታ ላይ ኮንቱር ያነበበ ሰው የቼዝን ካርታ ቢከፍት አይጠፋበትም። ቡናማው ያው ከፍታ ነው፣ ሰማያዊውም ያው ውሃ።

የት አገኘዋለሁ?

የጂኦሎጂካል ሰርቬይ ከ1884 እስከ 2006 ያሳተማቸውን ካርታዎች በስካነር አንሥቶ አስቀምጧል። ከ178 ሺህ በላይ ናቸው። ቶፖቪው በሚባለው ድረ ገጹ በነፃ ይወርዳሉ። የመንግሥት ሥራ ስለሆኑ የቅጂ መብት ገደብ የለባቸውም፤ አሳትሞ ግድግዳ ላይ መስቀልም ይቻላል።

የቦታውን ስም ጻፉ። ለቼዝ «ኮተንውድ ፎልስ» ወይም «ስትሮንግ ሲቲ» በሉ። ቦታው ሲከፈት ያሉትን ካርታዎች በዓመትና በስኬል ይደረድርላችኋል። ለማየት ብቻ ከሆነ ጄፔግ የሚባለው ተራ የምስል ፋይል ይበቃል፣ ስልክም አይከብደውም። ካርታውን በዛሬው የሳተላይት ምስል ላይ አንጥፋችሁ ማመሳከር ከፈለጋችሁ ግን ጂኦቲፍ የሚባለውን ፋይል አውርዱ፤ የት ቦታ እንደሚያርፍ የሚናገረው መረጃ አብሮት ይመጣል። ፋይሉ ከበድ ስለሚል በዋይፋይ ይሁን። ከከፈታችሁ በኋላ መጀመሪያ ወደ ግርጌው ውረዱና ዓመቱን አንብቡ።